መደቡን ማን ይሙላው?

መርፌ ለወታደር እንግዳ መሣሪያ አይደለም። በጦር አካዳሚ ሳለን ከሣጥናችን ውስጥ ከጫማ ቀለሙና ከብሩሹ ቀጥሎ የማይጠፋው፣ ጥቁር ክር የተጠመጠመበት አንድ መርፌ ነበር፤ ቁልፍ የጎደለው ሸሚዝ ለብሶ በጧት ሰልፍ ላይ መቆም ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቅ ነበርና። ይሁን እንጂ ቁልፍ መትከልና የተተረተረ ኪስ መመለስ የመርፌ ሥራ ሀሁ እንኳ አለመሆኑን የተረዳነው ባለፈው ክረምት ነው። በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ስለ ሕፃናት አመጋገብና ስለ ጓሮ አትክልት ብዙ ተጽፏል፤ ዛሬ ደግሞ ስለ ጥልፍ፣ ይልቁንም ከጥልፍ ሁሉ ማንም ልብ ስለማይለው ክፍል፣ ስለ መደቡ፣ ጥቂት እንድንል ይፈቀድልን።

እናታችን የዓይን ሕክምና ፍለጋ ከደብረ ብርሃን ወደ ጦር ሰፈራችን የመጡት በሐምሌ ወር ነበር። ከጓዛቸው ሁሉ አስቀድመው የፈቱት በነጠላ የተጠቀለለ አንድ ጨርቅ ነው። አክስታችን ከብዙ ዓመት በፊት ከሮም የላኩላቸው የጥልፍ ካንቫስ ኖሯል። ይህ ካንቫስ ድርና ማጉ ተራርቆ የተሠራ፣ ቀዳዳው አንድ በአንድ የሚቆጠር ጠንካራ ጨርቅ ሲሆን፣ በላዩ ሁለት ርግቦችና የጽጌረዳ አበባ ተሥለውበታል። ሥዕሉ በሱፍ ክር ቀዳዳ በቀዳዳ እየተሰፋ ይሞላል። እናታችን ርግቦቹንና አበባውን ለዓመታት በትርፍ ሰዓታቸው ሠርተው ጨርሰዋል፤ የርግቦቹ ደረት ሲዳሰስ ላባ ይመስላል። ዙሪያው ግን ባዶ ነበር።

ግራ ዓይናቸውን ግላኮማ ወስዶታል፤ በዚህ በሽታ የጠፋ ብርሃን ደግሞ አይመለስም። ቀኝ ዓይናቸውን የሸፈነው የሞራ ግርዶሽ ነው። ግርዶሹ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ የደፈረሰው የዓይን ሌንስ ወጥቶ በሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። ሆኖም ሐኪሙ ግላኮማው ቀኙንም ጥቂት ነክቶታልና ምን ያህል እንደሚያዩ ቃል አልሰጡንም። ቀጠሮው ለጥቅምት ተያዘ። የታናሽ እህታችን ሠርግ በጥር ነው፤ ካንቫሱም ትራስ ሆኖ ለሙሽራዋ ቤት እንዲገባ ታስቦ ነበር።

«አበባው አልቋል፤ ቀዳዳው ግን ከእንግዲህ አይታየኝም። መደቡን ማን ይሙላው?» አሉ እናታችን። ባለቤታችን የሦስት ወር ሕፃን ታቅፋለች። ሌላ ሰው በቤት አልነበረም። ስለዚህ እኛ እንደምንሞላው ተናገርን። ባለቤታችን ሳቀች፤ እናታችን ግን አልሳቁም።

መደብ ማለት ከአበባውና ከርግቡ ውጭ ያለው፣ ሥዕሉ የሚያርፍበት ሜዳ ነው። ተመልካች ትራሱን ሲያይ ርግቧን ያያል እንጂ ከኋላዋ ያለውን አያይም። በቁጥር ሲመረመር ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእናታችን ካንቫስ 40 ሴንቲሜትር በ40 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ በያንዳንዱ ሴንቲሜትር 4 ያህል ቀዳዳ አለው። ይህም በጠቅላላው ወደ 25,600 ስፌት መሆኑ ነው። ርግቦቹና አበባው ከግማሽ በታች ስለያዙ ለእኛ የቀረልን ከ14,000 የማያንስ ነበር። የጀማሪ እጅ በአንድ ምሽት 300 ስፌት ቢሠራ ከ46 ምሽት በላይ ያስፈልገዋል። እንግዲህ አስቀድመን መጠየቅ የነበረብን የትኛውን ስፌት 14,000 ጊዜ ያለ ምሬት መድገም እንደምንችል ነበር። እኛ ግን የትኛው እንደሚያምር ጠየቅን።

ለዚህ ስሕተት የሥራችን ጠባይ ሳይዳርገን አልቀረም። የፖለቲካ መኰንን ሥራው በሰው ፊት ቆሞ መናገር ነው፤ የሚታይና የሚሰማ ነገር ይወዳል። ከባለቤታችን የጥልፍ መጽሐፍ ውስጥ ዓይናችን ያረፈው ባርጄሎ በሚባለው ስፌት ላይ ነበር። ስሙ የመጣው በፍሎረንስ ከተማ ባርጄሎ በተባለው ቤተ መዘክር ካሉ ወንበሮች ነው ይባላል፤ መልኩም እንደ እሳት ነበልባል ከፍና ዝቅ እያለ ይሄዳል። ክሩ በአንድ ጊዜ አራት ማግ ተሻግሮ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ካንቫሱን ቶሎ ይሞላል፤ ለመማርም አይከብድም። ከተላከው የቅቤ መልክ ሱፍ ጋር ሰማያዊ ገዝተን አፈራረቅነው። በአራት ምሽት ከመዳፍ የሚሰፋ ቦታ ሞልተን በኩራት ለእናታችን አቀረብን።

እናታችን የተወለዱት መንዝ ነው፤ የበግ ጠጉር ሲፈተል፣ ባናና ዝተት ሲሠራ እያዩ ያደጉ ናቸውና ሱፍን በጣታቸው ያውቁታል። ጣታቸውን ከአበባው ወደ ርግቧ፣ ከርግቧ ወደ እኛ ነበልባል አሳለፉ። መልሰውም ዳሰሱ።

«ርግቤ የት ገባች?» አሉ። እዚያው እንዳለች ስንነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለችም። ያንተ ስፌት ከእርሷ በላይ ቆሟል። መደብ ከሥዕሉ በላይ ከቆመ ሥዕሉ ምን ሊሠራ ነው?» ይህን እያሉ ሳለ የጣታቸው ቀለበት ከረጅሙ ክር አንዱን ያዘና ሳበው። «ደግሞም ትራስ ነው፤ ሰው ይደገፍበታል፣ ልጅ ይጎትተዋል። ረጅም ክር ለትራስ አይሆንም።»

በአራት ምሽት የሠራነውን በአንድ ሌሊት ፈታነው። የተፈታ ሱፍ ስለሚሳሳና ስለሚጎፈር ዳግመኛ አይሰፋበትም፤ ስለዚህ ክሩ ባከነ። የዚህ ብክነት ዕዳ በኋላ መጣብን።

ከዚያ ወዲያ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደን እጅግ ቀላሉን መረጥን። እርሱም ግማሽ መስቀል የሚባለው ነው። ክሩ በግራ በኩል ካለው የታችኛው ቀዳዳ ወጥቶ፣ ድርና ማጉ የሚገናኙበትን አንድ ነጥብ በሰያፍ ተሻግሮ፣ በቀኝ በኩል ባለው የላይኛው ቀዳዳ ይገባል። በጀርባው የሚቀረው አጭርና ቀጥ ያለ ክር ብቻ ስለሆነ ከሁሉ ይልቅ ሱፍ ይቆጥባል። ድሩና ማጉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ በተሠራ ካንቫስ ላይ ለጀማሪ መልካም ነው። የእናታችን ካንቫስ ግን ነጠላ ድር ነበር። በነጠላ ድር ላይ ይህ ስፌት ይንሸራተታል፤ አንዳንዱም በክሮቹ መካከል ሰምጦ ይጠፋል። በዚያ ላይ ክሩን እንደ ጫማ ማሰሪያ እየሳብን ስላጠበቅነው ካንቫሱ ወደ አንድ ጎን ተዛነፈ፤ ርግቦቹም በነፋስ የሚገፉ መሰሉ። በጀርባው ረዘም ያለ ክር የሚተወውና ኮንቲኔንታል የሚባለው የዚሁ ስፌት ወንድም ካንቫሱን በደንብ ይሸፍናል፤ ማዛነፍ ግን እርሱም አይቀርለትም።

በዚህ ጊዜ እናታችን ካንቫሱን ገልብጠው የርግቧን ጀርባ እንድንዳስስ አደረጉን። ከፊት ለፊት ሲታይ የእርሳቸውም ስፌት ያው ሰያፍ ነው። ጀርባው ግን እንደ ሰሌን ተሸምኗል፤ አንዱ ክር አግድም፣ አንዱ ቁልቁል፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ። በልጅነታቸው በእጅ ሥራ ክፍል የተማሩት ይህን ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ባስኬትዊቭ ይለዋል፤ የቅርጫት ሽመና ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከቀኝ ላይኛው ማዕዘን ይጀመራል። ረድፎቹ የሚሄዱት አግድም ሳይሆን በሰያፍ ነው፤ አንዱ ረድፍ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ወደ ታች ይወርዳል፣ ቀጣዩ በጎኑ ወደ ላይ ይወጣል፤ የኋለኛው ረድፍ ስፌቶች በፊተኛው ረድፍ ስፌቶች መካከል ይገባሉ። ሲወርዱ መርፌው በጀርባ ቁልቁል ሁለት ማግ ያልፋል፤ ሲወጡ አግድም ሁለት ድር ያልፋል። በነጠላ ድር ካንቫስ ላይ መንገዱን ጨርቁ ራሱ ያመለክታል፦ በመገናኛው ላይ ቁልቁል የሚሄደው ክር ከላይ ሆኖ በሚታይበት ሰያፍ መስመር መውረድ፣ አግድም የሚሄደው ከላይ በሆነበት መውጣት ነው። ሱፍ ከግማሽ መስቀል የበለጠ ይበላል፤ ነገር ግን ካንቫሱን ብዙም አያዛንፍም፣ ጀርባውም ስለሚወፍር ለሚቀመጡበትና ለሚደገፉበት ነገር ይጸናል።

እናታችን ጥቂት ሕጎችም ጨመሩልን። መርፌው ጫፉ ዱልዱም ይሁን፤ ስለታም መርፌ የካንቫሱን ክር ይሰነጥቃል። ክሩ ከ45 ሴንቲሜትር አይርዘም፤ ረጅም ክር በቀዳዳው ሲመላለስ ይሳሳል። ቋጠሮ አይቋጠር፤ ጫፉ ከጀርባ በተሠሩ ስፌቶች ሥር ይደበቅ፤ አለዚያ ከፊት ያብጣል። ክሩ ይረፍ እንጂ አይታነቅ። በመጨረሻም፣ ሥራ ስታቋርጥ ረድፉን ጨርሰህ አትነሣ፣ መካከል ላይ ተው፤ ስትመለስ ትወርድ እንደነበርህ ወይስ ትወጣ እንደነበርህ ካንቫሱ ይነግርሃል። ይህን የመጨረሻውን ሕግ አንባቢ ልብ ይበልልን።

ይህን ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ የጦር ሰፈራችን ቤተሰቦች ከስሕተታችን ያተረፍነውን ባጭሩ እናካፍል። ለትራስና ለወንበር ባስኬትዊቭ ይመረጥ፤ በካንቫሱ ጥግ ሁለት ምሽት ከተለማመዱት እጅ ይገባል። ካንቫሱ ጥንድ ድር ከሆነና ሥራው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ ግማሽ መስቀል ይበቃል። ሰያፍ ስፌት የሚያስቸግረው ሰው የጡብ ስፌትን ይሞክር፤ እያንዳንዱ ስፌት ሁለት ማግ ተሻግሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የሚቀጥለው ረድፍ እንደ ግንበኛ ጡብ በመካከል በመካከሉ ይገባል። ቀጥ ያለ በመሆኑ ካንቫሱን አያዛንፍም፤ ቶሎ ይሞላል፣ መልኩም ጸጥ ያለ ነው። ቀጥ ያለ ጎብላን የሚባለውም ቀላል ነው፤ ስሙን ያገኘው ከፓሪሱ የጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ ማምረቻ ሲሆን፣ ረድፍ በረድፍ የተሰለፈ አጭር ስፌት ነው። ከሁሉም በፊት ግን ከሥዕሉ ያነሰ የሚናገረውን ስፌት መምረጥ ነው።

ወሬው መኰንኖች ክበብ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። አንድ የሥራ ጓዳችን ከመጋረጃውም አንድ ሁለት እንድንሰፋለት አዘዘን። እኛም መልስ አላጣንም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰለው እንግሊዛዊ ተዋናይ ኧርነስት ቴሲጀር፣ በ1910 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተወለደው የተጓዡ የዊልፍሬድ ቴሲጀር ዘመድ፣ አካላቸው የጎደለ ወታደሮች በጥልፍ እንዲተዳደሩ ከታገሉት ሰዎች አንዱ ነው፤ በ1918 እ.ኤ.አ. በተቋቋመውም የአካል ጉዳተኛ ወታደሮች የጥልፍ ድርጅት ብዙዎች ሠርተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ በ1941 እ.ኤ.አ. በቀርጤስ ደሴት የተማረከው ሻለቃ አሌክሲስ ካስዳግሊ በጀርመን ምርኮኞች ካምፕ ሆኖ አንድ ጥልፍ ሠራ። ጠባቂዎቹ ወደውት ለእይታ ሰቀሉት። በሥራው ዳር ዳር ያለው ጌጥ የሚመስል ነጥብና ሰረዝ ግን የሞርስ ፊደል ነበር፤ አንዱ መሥመር ለንጉሡ ይጸልያል፣ ሌላው ሂትለርን ይሳደባል። ጓዳችን ይህን ከሰማ በኋላ ስለ መጋረጃው አላነሣም። አንድ የሬዲዮ ባለሙያ አሥር አለቃ ግን ማታ መጥቶ የሞርሱን አሰፋፍ ጠየቀን።

ነሐሴ እያለቀ ሲሄድ የባርጄሎው ዕዳ መጣ። የቅቤ መልኩ ሱፍ አንድ ጥቅል ብቻ ቀረ፤ ባዶው ቦታ ግን ገና ሰፊ ነበር። ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ናሙና ሳንይዝ በትዝታ ብቻ ያንኑ የሚመስል ሱፍ ገዛን። በሱቁ መብራት አንድ ነበር። ቤት ገብተን ስምንት ረድፍ ከሠራን በኋላ በቀን ብርሃን ስናየው በአሮጌውና በአዲሱ መካከል እንደ ድንበር የተሰመረ መስመር ታየን። ሱፍ በአንድ ጊዜ ከተነከረው ውጭ ሌላው ንክር ጥቂት መለየቱ አይቀርም፤ ስለዚህ የመደብ ክር ከመጀመሪያው ለሙሉ ሥራው የሚበቃው፣ በጥቅሉ ወረቀት ላይ ያለው የንክር ቁጥር አንድ የሆነ፣ በአንድ ቀን መገዛት አለበት። አምስት ሴንቲሜትር በአምስት ሴንቲሜትር ሰፍቶ የፈጀውን ክር መለካት ቀሪውን ያስገምታል። ይህን ያወቅነው ከገዛን በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ ይገባናል። እናታችን አያዩም። መስመሩ በጣት አይዳሰስም። ዝም ብንል፣ ሕክምናውም ባይሠምር፣ መቼም አያውቁም ነበር። ይህ ሐሳብ ሁለት ቀን ከእኛ ጋር ዋለ፣ አደረም። ባለቤታችን መስመሩን አይታዋለች፤ ግን አልተናገረችም። በየሰልፉ ስለ ሐቀኝነት የምንናገረው እኛ በገዛ እናታችን ዓይን መጥፋት ልንጠቀም ማሰባችንን ስናስተውል በራሳችን አፈርን። በሦስተኛው ቀን ቡና ሲፈላ ነገርናቸው።

አልተቆጡም። «ክሩ ስንት ፈትል ነው?» ብለው ጠየቁ። ሦስት ፈትል መሆኑን ነገርናቸው። «እንግዲያው ለያየው። ሁለት ከአሮጌው፣ አንድ ከአዲሱ አድርገህ ጥቂት ረድፍ ሂድ። ቀጥሎ አንድ ከአሮጌው፣ ሁለት ከአዲሱ። ከዚያ አዲሱን ብቻ። ንጋት የሚመጣው እንዲህ ነው፤ ሌሊቱ የት እንዳለቀ ማን ያውቃል?» ስምንቱን ረድፍ ፈትተን እንዳሉት አደረግን። ረድፉ ሰያፍ በመሆኑም ድንበሩ ተበትኖ ጠፋ።

መስከረም በሙሉ በዚሁ አለፈ። ሕፃኑ ሲተኛ እንሰፋለን፣ ሲነቃ እንነሣለን። እናታችን ጎናችን ተቀምጠው የክሩን ድምፅ ያዳምጣሉ፤ ከነጎተ «ጠበቀ» ይላሉ። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆነን ሳለ በድንገት ተጠራን፤ ረድፉን ጨርሰን ነበርና እንዳለ አስቀምጠነው ሄድን። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ስንመለስ እንቅልፍ ስላልመጣልን በኩራዝ ብርሃን ጥቂት ረድፍ ቀጠልን። ካለቀ በኋላ ካንቫሱን በውኃ አርጥበን፣ በእርሳስ አራት ማዕዘን በተሠመረበት ጣውላ ላይ በማይዝግ ምስማር ወጠርነው፤ በሁለት ቀን ደርቆ ቅርጹን ያዘ።

ቀዶ ሕክምናው በጥቅምት ተደረገ። በማግሥቱ የዓይኑ መሸፈኛ ሲነሣ እናታችን በመጀመሪያ መስኮቱን አዩ፤ ቀጥሎ እኛን አይተው «ከስተሃል» አሉ። ዳር ዳሩ ደብዛዛ መሆኑን፣ መካከሉ ግን እንደሚታያቸው ለሐኪሙ አስረዱ። ከሐኪሙ የተሰጠው የዕረፍት ጊዜ ሲያልቅ፣ አንድ ጧት ደጃፍ ላይ ፀሐይ ወዳለበት ወንበር አስወጥተው ካንቫሱን እንድናመጣ አዘዙ።

ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ስለ ርግቦቹ ተናገሩ፤ የአንዷ ክንፍ እንዳሰቡት እንዳልመጣላቸው፣ የጽጌረዳው ቀይ ግን ከሚያስታውሱት ይበልጥ እንደሚደምቅ። ስለ መደቡ አንድም ቃል አልተነፈሱም። እኛም ይህን ዝምታ ከማንኛውም ምስጋና አብልጠን በልባችን ተቀበልነው።

ከዚያ ጣታቸው በግራ ታችኛው ማዕዘን አቅራቢያ ቆመ። እኛ ያላየነው፣ ከቀሪው ጥቂት ከፍ ያለ ቀጭን ሰያፍ ጎበና እዚያ አለ። ሁለት ረድፍ በአንድ አቅጣጫ ሲሠራ የሚወጣ ምልክት ነው።

«እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነበር?» አሉ።

ያን ሌሊት ተረኛ እንደነበርን ነገርናቸው፤ ለመፍታትም መቀሱን ለማምጣት ተነሣን።

«ተወው፤ አትፍታው» አሉ እናታችን። «እህትህ ስትጠይቅ የሚነገራት ነገር ይኑር።»